ዶክተሯ ብረት መረጠች

ልጄን ናኒን ገና ጡት ሳትጥል ነው «ዶክተር» ማለት የጀመርኩት። እዚህ ስዊዘርላንድ፣ አድሊስቪል ያለው ሐበሻ ሁሉ ከእኔ ሰምቶ እንደዚያው ይላታል። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጓደኛዬ ግዛው «ዶክተር፣ እንዴት ሰነበትሽ?» ሲላት ደረቴን የምነፋው እኔ ነኝ።

አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰኞ አንድ ወረቀት አምጥታ ፊቴ ዘረጋች።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ፈርም። እስከ ዓርብ ነው።»

የሌሬ ውል ነው፤ እዚህ አገር የእጅ ሙያ ልምምድን እንደዚያ ይሉታል። ዋሊሰለን ከተማ ባለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ አራት ዓመት እየሠራች ልትማር። አንድ ሳምንት ለሙከራ ውላ ወደዷት፤ ያለ ወላጅ ፊርማ ግን አይቀበሏትም።

«ጂምናዚየሙስ? ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባሽ ትምህርት ቤትስ?»

«ዶክተር መሆን የምትፈልገው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ደሜ ፈላ። «እኔ ሃያ ዓመት ትራም ያጠብኩት አንቺ ብረት እንድትቀጠቅጪ ነው?»

«ብረት ምን አደረገህ?» አለች ግራ ገብቷት።

ምን ልበላት? አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። አገሩ ሁሉ በእሱ ማረሻ እያረሰ፣ በእሱ ቢላ እያረደ፣ ከእጁ ግን እህል አይቀምስም። ቡዳ ነበር የሚሉን። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ወናፉን ጥዬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ «አባቴ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ» እላለሁ። የናኒ እናት እንኳ እውነቱን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ሸሽቼ ሸሽቼ እዚህ ድረስ ብመጣ፣ ብረቱ ቀድሞኝ ጠበቀኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም፤ ናኒ ወርክሾፑ ሄዳለች። እኔም «ልጄን ተዋት» ልለው ወደ ባለቤቱ ገሰገስኩ። በሩ ላይ ስደርስ የእረፍት ሰዓታቸው ነው። ናኒ ጥላሸት በጠጣ እጇ ዳቦዋን ገመሰችና ለባለቤቱ ሰጠችው። እሱም እያወራ በላው። በቃ፣ እንዲሁ በላው! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያላየውን ነገር አየሁ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሳልገባ ተመለስኩ።

ማታውኑ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፈረምኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ዳቦ የመቁረስ ተራው የእኔ ነበር። ግዛው ድርሻውን ተቀብሎኝ «አስፋ፣ ዶክተራችን ጂምናዚየም ገባች?» አለኝ።

«አልገባችም። ቀጥቃጭ ልትሆን ነው፤ እንደ አባቴ።»

«አባትህ ዳይሬክተር አልነበሩም እንዴ?»

«ዋሽቼህ ነው።»

ግዛው ዳቦውን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ሳይቀምሰው ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሃያ ዓመት ወዳጄ!

ናኒ ከኋላዬ መጥታ ያንኑ ቁራሽ አነሳችና እዚያው ፊት ለፊቱ ገመጠችው።

«አባዬ፣ ለእኔ ጨምርልኝ» አለች።