የእናቴ አምባር ድምፅ

እኛ የቻይናዋ ቴንግቾንግ ሰዎች ጄድ የተባለው የከበረ ድንጋይ ነፍስ አለው እንላለን። የባለቤቱ እጅ ላይ ውሎ አድሮ ጠባዩን ይለምዳል፤ ሲደሰት ይፈካል፣ ሲታመም ይገረጣል። የማያምን የራሱ ጉዳይ። እኔ ግን አምኜ ነው የተበላሁት።

እናታችን ስትሞት ታላቅ እህቴ ዩንፌን ቤቱን፣ እኔ የጄድ አምባሩን ወረስን። እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ ነበር፤ እኔ የምወደው ግን ድምፁን ነው። እናቴ ጠዋት ሩዝ ስታጥብ አምባሩ የሸክላውን ጠርዝ ነክቶ ጥርት ብሎ ይደውላል። ልጆች ሆነን ሁለታችንም የምንነቃው በዚያ ድምፅ ነበር።

አምባር አንዴ እጅ ላይ ከገባ በዋዛ አይወጣም። ሆዴ ላይ ቀዶ ሕክምና ሊደረግልኝ ሲል ሐኪሞቹ ይውለቅ አሉና ዩንፌን እጄን በሳሙና አሽታ አወለቀችው። ከነቃሁ በኋላ መልሳ ስታጠልቅልኝ ፈዞ አየሁት።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ገረጣ እኮ» አልኳት።

«አንቺስ መች ቀላሽ? መስታወት ላምጣልሽ? በሽታሽን ተካፍሎልሽ ነው፣ ምስኪን።»

አምባሩን ጉንጬ ላይ አድርጌ ይቅርታ ለመንኩት። ድንጋይን! ዩንፌን ሾርባ በማንኪያ እያጠጣችኝ አብራኝ አለቀሰች።

እኔ ዳንኩ፣ እሱ አልዳነም። ይባስ ብሎ ወደ ቢጫነት ሄደ። ጄድ ነጋዴ ጎረቤቴ አንድ ቀን እጄን ትኩር ብሎ አየና «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። «በእኔ የተነሳ ታሞ ነው» ስለው ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረው። በእኛ ዘንድ ባለቤቱ ካልጠየቀ በቀር የሰው ጄድ አይተችም።

ባለፈው መኸር የዩንፌን ልጅ ሚንቶንግ አገባች። ሙሽራ ተንበርክካ ለዘመዶቿ ሻይ ታቀርባለች። ተራዬ ደርሶ ሲኒውን በሁለት እጇ ስትዘረጋልኝ ቀዩ እጅጌዋ ወደ ኋላ ሸሸና እጇ ላይ ያለው አምባር የሲኒውን ጠርዝ ነካ።

ጥርት ብሎ ደወለ። የእናቴ ኩሽና ተመልሶ መጣብኝ።

«አክስቴ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የአያቴን አምባር ለእኔ ብለሽ ስለሰጠሽ አመሰግናለሁ። እማ ‹አክስትሽ ምስጋና አትወድም፣ ፊቷም እንዳታደርጊው› ብላኝ ነበር። ዛሬ ግን ከእማ ተደብቄ አደረግሁት፤ እንድታይልኝ።»

ዩንፌን ከኋላዋ ቆማለች። አሁን የገረጣችው እሷ ነበረች።

በአሲድ ታጥቦ ስንጥቁ በሙጫ የተሞላ ርካሽ ጄድ እያደር ቢጫ እንደሚሆን፣ ሲነካም እንደማይደውል እኛ አገር ሕፃን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። በሽታሽን ተካፍሎልሽ ነው ያለችኝ ግን እህቴ ነበረች፤ እህቴን ትቼ ድንጋይ ልመርምር?

ልጅቷ ምን አጠፋች? ሻዩን ጠጣሁላት። «አምሮብሻል ልጄ፣ ዕድሜሽ ይርዘም» ብዬ መረቅኋት።

ዩንፌንን ኩሽና ውስጥ አገኘኋት። ሴቶቹ በየድስታቸው ላይ ጎንበስ ብለው ይንጫጫሉ።

«ለልጄ ብዬ ነው» አለች ቀድማኝ። «አንቺ ልጅ የለሽ። ከቤተሰብ አልወጣ፣ ምን ጎደለ?»

«ብትጠይቂኝ እሰጣት ነበር።»

የአንዱን ድስት ክዳን አንስታ መልሳ ከደነች።

«እሺ፣ ድንጋዩንስ በታመምኩበት ለውጠሽ ወሰድሽ። ይቅርታ ስለምነው ለምን አብረሽኝ አለቀስሽ?»

እጄን አንስቼ አስመሳዩን አምባር ከድንጋዩ ገንዳ ጠርዝ ጋር አላተምኩት። እንደ እርጥብ እንጨት ድፍን ያለ ድምፅ አሰማና ተሰባብሮ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ሴቶቹ ድስታቸውን ትተው ከበቡኝ። ጄድ የሚሰበረው በባለቤቱ ላይ የመጣውን መዓት ተቀብሎ ነው፤ ስለዚህ በማዘን ፈንታ ደስ አላቸው።

«እሰይ፣ መለሰልሽ! አንቺን ሊያገኝሽ የነበረውን ነው የወሰደው» አለች አንዷ ጀርባዬን እየዳበሰች። «ከምን አድኖሽ ይሆን?»

ዩንፌን ተንበርክካ ስብርባሪውን ትለቅማለች። ያዳነ ጄድ አይጣልም፤ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

«ልጠቅልልልሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ያዢው» አልኳት። «የራስሽ ነው።»