እሜቴ ግቢ ውስጥ ቀረች

ሰውዬው ባክሆ የተባለች መቆፈሪያ ማሽኑን «እርስዎ» ይላታል፤ ሚስቱን ደግሞ «አንቺ»። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ሚስቱም ብትሆን ለብዙ ዓመት ስቃለች። ጠዋት ጠዋት ጋቢናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ቢጫውን ኮፈን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «እንደምን አደሩ እሜቴ?» ይላታል። ሥራ ጨርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ደግሞ እጁን እዚያው ኮፈን ላይ ያሳርፍና፣ «እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ፤ ዛሬም አላሳፈሩኝም» ብሎ ይሰናበታታል።

ቢያመሰግናት አይፈረድበትም። ከኋላዋ መቆፈሪያ፣ ከፊቷ መጫኛ ባልዲ ያላት ይህች ብረት ናት ቤት ያሠራችው፤ ሁለት ሴት ልጆች አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችውም እሷ ናት። ሲገዛት ቀለሟ የለቀቀ፣ ስንት እጅ የዞረች አሮጊት ነበረች። ሻጩ ራሱ፣ «ከዚህ በር ከወጣች በኋላ አላውቃትም» ብሎት ነበር። እሱ ግን ሞተሯን አስወርዶ አሳደሳት፣ የዘይት ቱቦዎቿን ቀየረላት፣ የተቀደደ መቀመጫዋን ሚስቱ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሰፍታ አለበሰችለት። ከዚያ ወዲህ ቆፍራ የማትጨርሰው መሬት አልገጠማትም።

የሰፈሩ ሰው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ረስቶ «ስንዝር» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲቆፍር አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ገመድ በጥሶ አያውቅማ! ሌሎቹ ኦፕሬተሮች መሬቱን የደም ጠላታቸው ይመስል ይገምሱታል። እሱ ግን ቧንቧ ይኖርበታል ተብሎ ከሚጠረጠር ቦታ ሲደርስ ልክ ስንዝር ሲቀረው ባልዲውን ቀጥ ያደርገዋል፤ የቀረው በእጅ፣ በአካፋ ይወጣል። «ስንዝርን ጥሩት» ይባባላሉ ሰዎቹ፣ «ያ ሰውዬ መሬት ውስጥ ያያል።»

እንደ እውነቱ ከሆነ መሬት ውስጥ ቀርቶ የባልዲውን ጥርስ እንኳ በወጉ አያይም። ኦፕሬተር ከተቀመጠበት የጉድጓዱ ወለል አይታየውም። የምታይለት ሚስቱ ናት። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ልብስ ስፌቷን ትታ አብራው ወጣች፤ እንደወጣችም ቀረች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቆማለች። ሁለት ጣት ካነሳች «ቀስ» ነው፣ ጡጫ ከጨበጠች «ቁም» ነው፣ መዳፏን ዘርግታ ስንዝር ከለካችለት ደግሞ «በቃ፣ የቀረው ለአካፋ» ማለቷ ነው። ቀኑን ሙሉ አቧራ ትቅማለች። «ምናለ ከአቧራው ወጣ ብትዪ?» ይላታል አንዳንዴ። ሰምታው አታውቅም። ግትር ናት ብሎ ትቷታል።

በየሥራው ዋዜማ አንድ የማይዘሉት ልማድ ነበራቸው። ሁለቱም ቦታው ድረስ ሄደው መሬቱን በእግራቸው ይዞሩታል። እሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ እሷ በጣሳ ኖራ ይዛ መስመሩን ታሰምርለታለች፤ በመጨረሻም ሁልጊዜ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። «ስትጨርስ በየት ትወጣለህ?»

ጥያቄው ጅል ጥያቄ አይደለም። ባክሆ የሚቆፍረው በኋላው ነው፤ እየቆፈረ ወደፊት ይሄዳል። ጉድጓዱን ከኋላው እየተወ የሚሄድ ሰው መውጫውን ያላሰበ እንደሆነ ጉድ ይፈላል። እሱ ግን ጥያቄው ሁሌም ያበሳጨዋል። «ዕድሜዬን በሙሉ ወጥቼ የለ እንዴ?» ይላታል።

ዘንድሮ ወገቡ አስቸገረው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፣ ኋላ ጫማ ለማሰርም እግዜርን መለመን ሆነ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና፣ «ከሁለት አንዱን ይምረጡ፤ ወይ ወገብዎን ወይ ማሽኑን» አለው። ስንዝር ለብዙ ቀን አሰበበት። እሜቴን ለቅጥር ኦፕሬተር መስጠት ልቡ እንቢ አለው፤ ሰው ማንሻዋን ሲያንገጫግጭ ማየት አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ጠጠር ነጋዴ ሊሸጣት ተነጋገረ። ለሚስቱ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ እያለ ቀኑን ገፋ። ታዲያ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እሱ ፊቱን ሲታጠብ ስልኩ ጮኸ፤ አነሳችው።

«ጠጠር ነጋዴው ነው» አለችው ፎጣውን እያቀበለችው። «ነገ ከሰዓት እሜቴን ሊወስዳት እንደሚመጣ ንገሪልኝ ብሎኛል።»

ክው አለ። «ልነግርሽ እኮ ነበር። ይኸው ወገቤ…»

«ወገብህንማ አውቀዋለሁ። የማሽልህ እኔ አይደለሁ?»

ከዚያ በኋላ አፏን ዘጋች። ቦታ ለማየትም አልሄዱም። እሱም፣ ነገ ሲነጋ ኩርፊያው ይለቃታል ብሎ ተኛ።

የማግስቱ ሥራ የመጨረሻው ነበር፤ ለዚህም ነው ለእትዬ ያደረገው። እትዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ሁለቱንም ልጆቹን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛዋ ስትወለድ በእግሯ በኩል መጥታ እናትየዋ አለቀላት ሲባል ከጎኗ ሳይነሱ እናትና ልጅን በሰላም ያገላገሉ ሴት ናቸው። አሁን ጓሯቸው ውስጥ ለእህታቸው አንድ ክፍል ሠርተዋል፤ ውሃ ከበሩ እስከዚያ መሳብ አለበት። ስንዝር የእሜቴ የመጨረሻ ቀን በእሳቸው ግቢ እንዲሆን ፈለገ። ውለታ እንዲህ ተደርጎ ባይከፈልም ቢያንስ አልተረሳም ማለት ነው።

ሚስቱ ኮፍያዋን አድርጋ መጣች፣ ቦታዋ ላይ ቆመች፣ አልተነፈሰችም። እሱ በኖራው ራሱ አሰመረ። አሮጌው ቧንቧ የሚያልፈው በሩ ሥር ነው፤ አዲሱ የሚቀጠለውም እዚያው ነው። ከባዱን አስቀድሜ ልገላገል አለና እሜቴን በፊቷ ወደ ግቢው አስገብቶ፣ ለመቀጠያው ሰፋ አድርጎ በሩ ላይ ጀመረ። እሜቴ የብረት እግሮቿን ዘርግታ ተተከለች፤ ባልዲው ወረደ። ሚስቱ ሁለት ጣት አነሳች፤ ቀስ አለ። ስንዝር ለካች፤ ቆመ። በአካፋ ሲወጣ ቧንቧው ሳይጫር ብቅ አለ። አኩርፋም ቢሆን ዓይኗ ዓይን ነው፤ ተመስገን አለ በልቡ።

ከዚያማ መሬቱ ለስላሳ ነበር። እየቆፈረ ወደፊት፣ እየቆፈረ ወደፊት፣ ሳያስበው አዲሱ ክፍል ግድግዳ ሥር ደረሰ። ባልዲውን አጠፈ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ላቡን ጠረገ። ወደ ፊት ቢያይ ግድግዳ፣ ወደ ጎን ቢያይ አጥር። ወደ ኋላ ዞሮ ብቸኛዋን በር አየ። የበሩን አፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሰው እስከ ደረቱ የሚውጥ ጉድጓድ ሞልቶታል። የቆፈረው ራሱ ነው።

እሜቴ ግቢ ውስጥ ቀረች።

ሚስቱ የተረፈ ጡብ ላይ ተቀምጣ ውሃ ትጠጣለች። «ጨረስክ?» አለችው። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«አይተሽ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ባልዲ ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ!»

«ምልክት ነው የምትፈልገው፣ ሰጠሁህ። ምክር መች ጠየቅኸኝ?»

እትዬ ሻይ ይዘው ሲወጡ በሩን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ከዚያ ትሪውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ስንቱን አውጥቻለሁ ልጆቼ! ይህቺ ግን በምኗ እንደመጣች እንጃ!»

ስንዝርም ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ነው መሰለኝ ጉዱን ያመጣው። እየሳቀ ከጋቢናው ሲወርድ ወገቡ ቀጥ ብሎ ያዘው። እጀታውን ጨብጦ፣ አንድ እግሩ መሬት አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ሆኖ ቀረ። ሚስቱ በብብቱ ገብታ አወረደችው፤ ቀስ ብላ ጡቡ ላይ አስቀመጠችው። ኩርፊያም ቢሆን እንዲህ ያለ ጊዜ ትዝ አይላትም።

ጠጠር ነጋዴው ከሰዓት መጣና ከጉድጓዱ ማዶ፣ መንገዱ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ጉድ ነው? ልወስዳት መጥቼ እኮ ነው!»

እትዬ የጠሩት ቧንቧ ሠራተኛ አዲሱን ቧንቧ ዘርግቶ፣ ከአሮጌው ጋር ቀጥሎ ጨርሶ ነበር። ጉድጓዱ ተሞልቶ ካልተጠቀጠቀ እሜቴ ንቅንቅ አትልም፤ ስንዝር ደግሞ እንኳን ጋቢና ላይ ሊወጣ ቀና ማለትም አልቻለ። «ሌላ ኦፕሬተር ልፈልግ?» አለ ነጋዴው ስልኩን እያወጣ።

«ምን ሲደረግ!» አለች ሚስቱ። ኮፍያዋን አጠበቀች፣ ደረጃውን ረገጠች፣ ወጣች።

ስንዝር አፉን ከፍቶ ቀረ። ለነገሩ ምን ያስገርማል? ያኔ ወር ሙሉ አተኩሶት የተኛ ጊዜ፣ ሞተሯ እንዳይደርቅ እያለች እሜቴን በግቢያቸው ወዲያ ወዲህ ያደረገቻት ማን ሆነና! የግቢውን ጠጠር ደልድላ፣ የወደቀውን የጎረቤት አጥር አንስታ ነበር። እሱ ግን ያንን እንደ ሥራ አልቆጠረውም፤ ቤት እንደ መጥረግ፣ ልብስ እንደ ማስጣት ነገር አድርጎ ረስቶታል። ኦፕሬተር ቅጥር ሰው ነው ብሎ ሲጨነቅ፣ ሲብሰለሰል፣ ሲሸጥ፣ ኦፕሬተሯ አጠገቡ ቆማ አቧራ ትጠጣለች። አፈረ።

ሞተሩ ተነሳ። እሜቴን ጓሮው ላይ አዞረቻት፤ የፊቱን ባልዲ አፈር ሞላችና ወደ በሩ መጣች። እሱ የእትዬን ከዘራ ተመርኩዞ ሄደና ከአቧራው ራቅ ብሎ፣ ጥላው ውስጥ ቆሞ እጁን አነሳ። ክላክሱ አምባረቀ።

«አንተ ሰውዬ! ከማላይህ ቦታ ቆመህ ለማን ነው የምታውለበልበው?»

አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ፤ ክላክስ። ወደ ቀኝ ሄደ፤ ክላክስ። እያነከሰ ሲዞር ሲዞር የደረሰባት ቦታ እሷ ጠዋት ቆማ የነበረችበት ሆነ። አቧራው በሙሉ ወደዚያ ነው የሚነፍሰው፤ የናፍታው ጭስም እንደዚያው። ዓይኑ አለቀሰ፣ ጉሮሮው ደረቀ። ክላክሱ ግን ዝም አለ፤ ለኦፕሬተር ሰው የሚታየው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። «ከአቧራው ወጣ በዪ» እያለ ስንት ዓመት ነዘነዛት!

አዲሱ ቧንቧ ድንጋይ እንዳይጭነው መጀመሪያ ለስላሳ አፈር በአካፋ ይለብሳል። ቧንቧ ሠራተኛው እየሞላ መጣ። ስንዝር ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ ሲያይ ከቆየ በኋላ፣ ቧንቧውን ያለበሰው አፈር ስንዝር ሲሞላ፣ የቀረው ለማሽኑ ነው የሚል ምልክት ለመስጠት መዳፉን ዘረጋ። እጁ አየር ላይ ቀረ። በሕይወቱ ስንዝር ለክቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራው፣ ደረቱን ነፍቶ አቤት ሲል ኖሯል፤ የለካው ግን የእሷ እጅ ነው። ቤቱን ያቆመው፣ ልጆቹን ያሳደገው፣ ስሙን የሰጠው ያ ስንዝር የእሷ ነበር። ጣቶቹን ለጥጦ ለካላት።

ሚስቱ ባልዲዋን ቀስ አድርጋ ደፋች። እየሞላች፣ እየተመለሰች፣ እየጠቀጠቀች፣ ፀሐይ ዘወር ስትል በሩን አስተካከለችው። ከዚያ እሜቴን ቀጥ አድርጋ ወደ መንገዱ አወጣቻት። እትዬ አጨበጨቡ።

«እንግዲህ ልውሰዳት ጋሼ?» አለ ነጋዴው።

ስንዝር ወደ ላይ አየ። ሚስቱ ወደ ታች አየችው። «ነገሩን የጀመርከው አንተ ነህ» አለችው። «አንተው ጨርሰው።»

«አልሸጥም» አለ ስንዝር። «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ በከንቱ አመላለስኩህ። ሳላማክር ነው የተናገርኩት። ኦፕሬተር የለኝም ብዬ ነበር፤ አለችኝ።»

ነጋዴው ፊቱን ቋጠረ፤ ከዚያ በሩን አየ፣ የተጠቀጠቀውን አፈር በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገ። «ካልሸጣችሁልኝስ» አለ በመጨረሻ፣ «ወደ ጠጠር ማውጫዬ የሚወስደኝን መንገድ ከነገ ጀምራችሁ ለምን አትቆርጡልኝም?» መልስ ሳይጠብቅ ስቆ ሄደ።

ሞተሩ ጠፋ። መንገዱ ጸጥ አለ። ስንዝር እያነከሰ ወደ እሜቴ ተጠጋ፣ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኮፈኑ ሰደደ። ሳይነካው መለሰው። ዞሮ ወደ ጋቢናው ደረጃ ሄደና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ» አለ። «ዛሬም አላሳፈሩኝም።»

ሚስቱ ከቅንድቧ አቧራውን እየጠረገች አየችው። «ለብረቷ ነው ለኔ?»

«ለእርስዎ።»

ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። እጁን ያዘች፤ ግን አልወረደችም። ከዚያ ላይ ሆና የሚለውን ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች። እሱም ገባው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያበሳጨው የኖረውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ለመሆኑ ነገ ስትጨርሺ በየት ትወጫለሽ?»

«አንተ በቆምክበት በኩል» አለችው፤ ወረደችም።