ሁለት ማንኪያ ጠበል

ኤልሣ የላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። እናቷ ለተ ማርያም በዓደን ከተማ በተዋሂ ሰፈር ስታልፍ ፊቷን በነጠላ ጫፍ ትከልላት ነበር፤ አፍራባት ሳይሆን ከሰው አፍ ልትጠብቃት። ሕፃኗ አምስት ወር ሲሞላት ግን ያለ ክፍያ የሚያክሙ ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ወደ ዓደን መጥተው መንሱራ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። የወደብ ሠራተኛ የሆነው አባቷ ወንድማገኘሁ ወሬውን እንደ ሰማ ሮጦ አስመዘገባት። ተራዋ በመጨረሻው ቀን ላይ ዋለ። ያ ቀን ካመለጠ ሐኪሞቹ የሚመለሱት ከዓመት በኋላ ነው።

ከደሴ ተወላጅ እናት የተወለደችውና አማርኛ የምትችለው ነርስ ኸውላ በዋዜማው አጥብቃ አስጠንቅቃ ነበር፤ «ጎሕ ከቀደደ በኋላ ምንም! ወተት የለ፣ ገንፎ የለ። ኻላስ፣ በቃ!»

ለተ ማርያም ትእዛዙን ጠበቀች። ልጅቱ ጡት ፍለጋ ስትነፈርቅ እያባበለች ቻለች። ከቤት ሲወጡ ግን ከአገር ቤት በሰው እጅ የተላከላትን የቅዱስ ሚካኤል ጠበል በሻይ ማንኪያ ሁለት ጊዜ አጎነጨቻት። ጠበል በባዶ ሆድ ይጠጣል እንጂ ጾም ያስገድፋል ሲባል በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

ሆስፒታል ደርሰው ሲቀመጡ ኸውላ የትእዛዙን ምክንያት ለወላጆች ታስረዳ ጀመር። ሕፃን በማደንዘዣ ሲተኛ በሆዱ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

«ውኃም ቢሆን?» አለች ለተ ማርያም።

«ውኃም ቢሆን፣ ያ ኡኽቲ። ትናንት አንዱ ወተት ጠጥቶ ተገኝቶ መልሰነዋል።»

ለተ ማርያም የማለዳውን ጠበል አስታውሳ ወደ ባሏ ዞረች። ወንድማገኘሁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ዝም በዪ። ጠበል እኮ ነው! መልአኩ በራሱ ውኃ ያንቃታል?»

«ሐኪሞቹንስ ማን ላከልን? ልዋሻቸው?»

«ዓመት ሙሉ ልትጠብቂ ነው?»

አንድ ዓመት በነጠላ እየከለሉ መኖር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ነገር ግን በደረቷ ላይ የሚወጣና የሚወርደውን ትንሽ ትንፋሽ አዳመጠችና ብድግ አለች።

«እኅቴ ኸውላ፣ ጠበል ሰጥቻታለሁ። አንድ ሰዓት ላይ።»

ኸውላ ግንባሯን መታች። «ያ ረቢ! የእኔም እናት እንዲሁ ናት፤ ዘምዘምን ከመጠጥ አትቆጥረውም» ብላ ወደ ውስጥ ገባችና የማደንዘዣ ሐኪሙን ዶክተር ሀሺምን አስከትላ ተመለሰች። ሐኪሙ በዓረብኛ ጠየቁ፤ እሷ አስተረጎመች።

«ምን ያህል?»

«ሁለት ማንኪያ።»

«ማር ወይም ወተት አልገባበትም?»

«ንጹሕ ውኃ ነው፣ ዶክተር።»

ሰዓታቸውን አዩ። «ንጹሕ ውኃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሆድ ያልፋል፤ ከዚያ በፊት ግን አልነካትም። ከእሷ በኋላ ተራ የያዘው ልጅ፣ አናስ፣ ይቅደም፤ እሷ ትከተለዋለች።» ሊሄዱ ሲሉ ዘወር ብለው፣ «ባትነግሪን ኖሮ አሁኑኑ አስተኛት ነበር» አሏት።

የአራት ዓመቱ አናስ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ቀድሞ ገባ። ለተ ማርያም ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ ልቧ ቀልሏት ነበር።

ከቀትር በኋላ ኤልሣን አቀበሏት። ከንፈሯ ገጥሟል፤ በላዩ ቀጭን የስፌት መስመር ይታያል። ሕፃኗ እናቷን ባየች ጊዜ ድምፅዋ በመላው ኮሪደር እስኪሰማ ድረስ በቁጣ ጮኸች። ኸውላ «ማሻአላህ፣ ሳንባዋስ ጤነኛ ነው!» ብላ ሳቀች።

ወንድማገኘሁ በበኩሉ ከአናስ አባት አጠገብ ተቀምጦ ጣቱን እያነሣ ያስተምር ነበር። «ወንድሜ፣ ከሐኪም ምንም አይደበቅም። እኔ በቤቴ ሁልጊዜ የምለው ይህንኑ ነው።»

ለተ ማርያም ቀና ብላ አየችው። ዐይኑን ሰበረ። እሷም ልጇን አቅፋ ሳቋን ዋጠችና እንዲቀጥል ተወችው።