የከሰል ዘመድ

ይህ ወሬ ከእግር እስከ ራሱ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ የቦንጋ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ እኔ ላይ ብቻ ይውረድ። በሣህሌ ሰልስት ዕለት፣ ሰው በሞላው ድንኳን መካከል፣ እህቱ ዙፋን አንዲት ወረቀት በአንድ ጫፍ ይዛለች፤ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ሐዲስ በሌላው ጫፍ።

«ልቀቂ ልጄ፣ ይቀደዳል!»

«ይቀደድ! ወንድሜን ከሰል አክሳይ ብለው ጽፈው በሰው ፊት ሊያነቡት?»

ወረቀቱ የሟች የሕይወት ታሪክ ነው። «በከሰል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ይላል። ሌላ አገር ቢሆን ምንም አይደል። ሰው ደኑን እንደ አባት በሚያከብርበት አገር ግን ከሰል አክሳይ መባል ዛፍ ገዳይ መባል ነው። ሣህሌ ደግሞ ወባ በሳምንት እስኪጥለው ድረስ የላብራቶሪ ረዳት ነበር፤ ቅርንጫፍ እንኳ አልቀጠፈም።

«ራሱ ነው የነገረኝ» አሉ ጋሽ ሐዲስ። «ምን ትሠራለህ ብዬ ብጠይቀው፣ የከሰል ዘመድ ነው ጋሼ አለኝ።»

«ዘመድ አለ እንጂ ከሰል አለ? እርስዎና የአጎትዎ ልጅ አንድ ሰው ናችሁ?»

ከኋላ ልቅሶውን የረሳ ሰው ሳቀ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ግራፊን።»

«ግራ... ተይኝ እባክሽ፤ ለቀስተኛውን ግራ አጋብቼ ልሸኝ?»

ዙፋን ይህን ስም ያወቀችው በድስቶቿ ነው። ሣህሌ ከዋጫ ከተማ በጆንያ ያስመጣውን የቡና ገለፈት ሲያከስል፣ ሲያጥብ፣ ደግሞ ሲያከስል ሦስቱን ጨረሰባት። የሦስተኛው ቂጥ እንደ ወንፊት ሲበሳ «ድስቴን ገደልከው!» ብትለው፣ «ለሳይንስ ነው የሞተው፤ ሐውልት እናቆምለታለን» አላት። ከዚያ በእርሳስ ወረቀት አጠቆረ። «ይሄን ጥቁር እንደ እንሰት ልጠሽ ልጠሽ፣ የመጨረሻዋ ስስ ልጣጭ ስትቀር እሷ ናት ግራፊን። የኔ ዱቄት ገና ታናሽ እህቷ ነው። ባትሪ ኤሌክትሪክን እንደ ሽማግሌ ፉት ፉት ይላል፤ ይሄ አንዴ ጭልጥ! ችግሩ፣ የያዘውንም ቶሎ ይጨርሳል። እንደ እኔ ደሞዝ።»

ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድብ መብራት ሄደ። ቀኑ በቀትሩ ጨለመ።

«በቃ» አሉ ጋሽ ሐዲስ ተገላግለው፤ «አይታየኝም፤ ንባቡ ይቅር።»

«አይቀርም!»

ዙፋን ወረቀቱን ለቃ ወደ ቤት ሮጠች። ሁለት ሽቦና አንዲት ትንሽ አምፖል የተሰካባት፣ የሣህሌ ዱቄት የታጨቀባት ጣሳ ይዛ ተመለሰች። ጎረቤቷ ባለሱቁ ኸሊፋ ከወንበሩ ተነሣ። «ባጃጄ ደጅ ናት፤ ከባትሪዋ እናጠጣው።» ጣሳዋ እስከ መቶ ሳይቆጠር ጠጥታ ጨረሰች። አምፖሏ ቦግ አለች።

«አሁን ይታይዎታል ጋሼ?»

ጋሽ ሐዲስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እስክሪብቶ አወጡና ከሰሉን ሰረዙ። «እስቲ ድገሚልኝ፤ በየትኛው ግ ነው?» ጽፈው ማንበብ ጀመሩ። አምፖሏም እስከ መጨረሻዋ ቃል በራች።

እሺ፣ ይቺን እኔ ጨምሬያለሁ። እስከ መጨረሻው አልበራችም፤ የሥራው ነገር ላይ ሳይደርሱ ድርግም አለች። ዙፋን ጣሳዋን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቀፈች፤ የቀረውን ከዝናቡ በላይ ጮኻ በቃሏ ጨረሰችው። ግራፊን የሚለውን ሁለቴ አለችው።