ያየህ ያዘዘው መርዶ

አለቃዬ አቭነር ዝም ማለት አይሆንለትም። እያኘከ ያወራል፣ እየነዳ ያወራል፣ ሊፍት ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል። ሰው የማዕድንና የኢነርጂ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲሆን ይህን ያህል የሚያወራውን ከየት እንደሚያመጣው አላውቅም፤ እኔ የእሱ ጸሐፊ ነኝና ግማሹን ሰምቼ ለግማሹ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት የስልኩን እጀታ አስቀምጦ ዝም ሲል፣ ገና ምንም ሳይናገር ክው አልኩ።

«አለሚቱ፣ በሩን ዝጊው» አለኝ።

ዘጋሁት። የቁፋሮ ኃላፊው ዶሮን መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የፋይናንስ ኃላፊዋ ሺሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ከነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፤ ሲጨቃጨቁ እንጂ ሲተክዙ አይቻቸው አላውቅም።

ነገሩን የነገረኝ ዶሮን ነው። ኔጌቭ በረሃ ባለው የፎስፌት ቁፋሯችን ጠዋት የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዷል። አንድ ሠራተኛ ከሥሩ ነበር፤ ሲያወጡት ሞቷል። ተረኛው አዝመራው የሚባል ልጅ ነበር። ሚስቱ ስለወለደች ሆስፒታል እንዲሄድ ጓደኛው ተካለት። የሞተው የተካው ነው። አይቸው ይባላል፤ የያየህ ታናሽ ወንድም።

ያየህ ማለት በዚያ ረጅም የስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ከኛ ሰው፣ ከጎንደር ከመጣው ቤተ እስራኤል፣ የተቀመጠ አንድ እሱ ነው። የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ፣ የሀንሃላው፣ ማለት የአመራር ቡድኑ አባል። በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጣ ጎረምሳ ነበር፤ እናቱን እማማ ደብሬንና ትንሹን አይቸውን እዚያው ትቶ። በዘጠና አንድ እነሱ በአውሮፕላን ሲመጡ ሊቀበል ሄደ። እናቱን አቅፎ አልቅሶ ሲያበቃ ከጎናቸው የቆመውን ረጅም ልጅ አየና «ይኼ ደግሞ ማነው?» አላቸው። ይህንን ሲያወራልን ይስቃል፤ ስቆ ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ ዓይኑን ይጠርጋል። አይቸው ከውትድርና ሲወጣ ቁፋሮው ላይ ያስቀጠረውም እሱ ነው። ትንሽ ሠርቶ እንደሱ እንዲማር ነበር የፈለገው።

«ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለ አቭነር።

«የት?» አልኩት።

«እዚህ ነዋ፣ ቢሮዬ። የት ልንገረው ታዲያ?»

አለቃዬ ቢሆንም ተቆጣሁት። መርዶ በኛ ዘንድ እንዲህ አይነገርም። ብቻውን ለቆመ ሰው ወንድምህ ሞተ አይባልም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቆማል፤ ቃሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሀገራችን ቢሆን እስኪነጋ ድረስ እናቆየው ነበር። እዚህ ቀብር አያድርም፤ ቢያንስ እስከ ከሰዓት ግን ይቆያል።

«እናቱስ?» አልኩት። «ናሕሊኤል ሰፈር ናቸው። ብቻውን ሰምቶ ሄዶ እሱ ሊያረዳቸው ነው? አንድ ላይ ይስሙት፤ በወገን መሀል። እስከ ከሰዓት ስጠኝ።»

ዶሮን አልተዋጠለትም። «ሁላችን አውቀን እሱ ሳያውቅ ከኛ ጋር ይቀመጥ? ይኼ ውሸት ነው አለሚቱ። ትልቅ ሰው ነው፤ ወንድሙ ነው።»

ዛሬም ሳስበው እውነቱን ነው። እኔም እውነቴን ነበር። አቭነር አንዴ እሱን አንዴ እኔን ሲያይ ቆየና «ከምሳ በኋላ፤ ከዚያ አላሳልፍም» አለ።

የዕለቱን ስብሰባ ሰርዘን ያየህን ከቢሮው ለማራቅ ነበር ያሰብነው። እሱ ቀደመን። የበሩ ዘበኛ ደቡብ፣ ቁፋሮው ላይ፣ ሰው ሞቷል ብሎ ነግሮታል፤ ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ቁና ቁና እየተነፈሰ ገባ።

«እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው» አለ ዶሮን።

«ማነው?»

ያ ሁሉ ወሬ ያለው አቭነር እኔን ያየኛል። ሌላ የሚመልስ ስላልነበረ እኔ መለስኩ። «ስሙ ገና አልተረጋገጠም» አልኩ። «ከኛ ልጆች አንዱ ነው ብለዋል።»

ያየህ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ግንባሩን ሲይዝ አየሁት።

«አይቸው የሌሊት ተረኛ ነው። አሁን ተኝቷል» አለ፤ ከኛ ጋር ይሁን ከራሱ ጋር አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ «ደረጃውን ስወጣ የኔው ተኝቷል ብዬ ተመስገን አልኩ፣ እትዬ አለሚቱ። የሰው ልጅ ሞቶ ተመስገን አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አለኝ።

«ሰው ነህ» አልኩት። ፊቴን እንዳያይ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች እንደገና መደርደር ጀመርኩ።

ስብሰባውን የከፈተው እሱ ነው። ሁሉንም ስብሰባ ክፍል አስገባና ሳይቀመጥ ጀመረ። ባለፈው ዓመት አንድ የኛ ሰው ሞቶ ኩባንያው ለሚስቱ በስልክ ነግሯት ነበር። ሕፃን አዝላ ብቻዋን ነበረች፤ ባዶ እግሯን አስፋልት ላይ ወጥታ ስትሮጥ ጎረቤት ያዛት። ያየህ በዚያን ጊዜ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉም ጋር ተጣልቶ ነበር።

«ሁለተኛ አይደገምም ብዬአችኋለሁ» አለ። «ዛሬ እኔ እንደምላችሁ ነው የሚሆነው። በስልክ ማንም ለማንም አይናገርም። አለሚቱ፣ አባ አንዳርጌ ጋ ደውይ፤ ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡ። ስሙ ሲታወቅ አብረን እንሄዳለን።»

አባ አንዳርጌ የናሕሊኤል ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። የእማማ ደብሬ ወንድም ናቸው፤ የራሱ አጎት።

«እናት ካለችው ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ይያዟት፤ ወድቃ እንዳትጎዳ። እደጃፉ እስክንደርስ ማንም ፊቱን አይለውጥ። የሚያረዳው ሽማግሌው ነው። አቭነር፣ አንተ አትናገርም።»

«ምንም?»

«ምንም። ኩባንያው ያዝናል፣ ኩባንያው እንዲህ ያደርጋል የሚለው ለነገ ይሁን። ዛሬ ቆመህ መታየትህ ይበቃል። ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ሲያተርፍ አብረን ፎቶ እንነሳ የለም?»

አቭነር በጭንቅላቱ እሺ አለ። ሺሪ ወንበሯን ገፍታ ወጣች፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲዘጋ ሰማን።

«ሆደ ቡቡ ናት ለካ» አለኝ ያየህ በአማርኛ። «እኔ ደግሞ ከቁጥር ሌላ ነገር አይታያትም እል ነበር።»

ከዚያ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው እጁን አነሳ። «አንድ ነገር ቀረ። የሚጮኸውን አታባብሉ። እናንተ ቶሎ ብላችሁ ቲራጋዕ፣ ተረጋጋ፣ ማለት ትወዳላችሁ። አትበሉ። ትከሻውን አትምቱ፣ ውሃ ጠጣ ብላችሁ አታስጨንቁት። ይጩህ። የወጣለት ነው የሚድነው።»

ዶሮን ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ ነበር። ሰው ለገዛ ራሱ መርዶ ሲያዝ፣ የሚሰቀልበትን ገመድ አሳምሮ በገዛ እጁ ሲያዘጋጅ ማየትን ለጠላቴም አልመኘው።

ቢሮዬ ገብቼ ደወልኩ።

«አባ፣ ብቻዎን ነዎት?»

«ደጅቱ አለች። ምነው ልጄ?» ደጅቱ ጎረቤታቸው ናት።

«አይቸው ነው፣ አባ። ቁፋሮው ተንዶበት።»

«ያየህ አወቀ?» አሉ።

«አላወቀም። ሽማግሌ ይሰብስቡልኝ ብሎ የላከኝ እሱ ነው። የሰው መስሎት።»

«ለራሱ?»

«ለራሱ፣ አባ።»

ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ድምፃቸው ሲመለስላቸው፣ መኪናው እስኪደርስ ከእህታቸው ሕንፃ ሥር እንደሚቆሙ፣ ደብሬ እንዳትጠራጠር ማንም ፎቅ እንደማይወጣ ነገሩኝ። እንዲህ ብለን ተስማማን፤ ሁሉንም ያሰብንበት መስሎን ነበር።

ከምሳ በኋላ በኩባንያው መኪና ወጣን። ምሳ ግን የበላ አልነበረም። ያየህ ከመሳቢያው ኪፓ፣ ራስ ላይ የሚደፋውን ትንሽ ቆብ፣ እያወጣ ለወንዶቹ አደላቸው፤ በአቭነር ራስ ላይ ያለውን ራሱ አስተካከለለት። ከፊት፣ ከሚነዳው ከዶሮን አጠገብ ተቀመጠ። እኔ፣ ሺሪና አቭነር ከኋላ ነን።

«ስሙ አልታወቀም እንዴ እስካሁን?» አለ።

«አባ አንዳርጌ ያውቃሉ» አለ አቭነር። «እሳቸው ይነግሩሃል።»

«ደግ። እንደዚያ ነው የሚሻለው» አለ ያየህ።

ባሕሩ ዳር ያሉትን ጭስ ማውጫዎች ትተን በገበያው በኩል ከተማውን አቋረጥን። ዶሮን ወደ ናሕሊኤል ሲታጠፍ ያየህ ቀና አለ።

«ከኛው ሰፈር ነው? ማን ይሆን?» ደቡብ የሚሠራ ልጅ ያላቸውን ቤቶች በልቡ ሲቆጥር ፊቱ ላይ ይታያል። «አዝመራው እንዳይሆን ብቻ። የቀን ተረኛ እሱ ነው። ሚስቱ እኮ አሁን ነው የወለደችው።»

ዶሮን ከዚህ በላይ አልቻለም። «አዝመራው አይደለም» አለ። «ሆስፒታል ነው፤ ሚስቱ ጋ።»

«ተመስገን» አለ ያየህ። ከዚያ ወደ ዶሮን ዞረና «ማን ተካው?» አለ።

መኪናው የእናቱን መንገድ ይዟል። ከሕንፃው ሥር አባ አንዳርጌና ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው ቆመው ይታያሉ።

«አቁም» አለ።

ዶሮን አቆመ። ያየህ ወደኋላ አልዞረም። «እትዬ አለሚቱ፣ እማዬ ሰምታለች?»

«አልሰሙም።»

«ጠዋት፣ እኔ እዚያ ቆሜ ሳወራ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሁላችሁም?»

ሺሪ አፏን በእጇ ያዘች። መልሱ ያ ነበር። ያየህ ራሱን ነቀነቀ፤ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ኪሱን ዳብሶ የገዛ ኪፓውን አወጣና ራሱ ላይ አደረገ።

«በሉ» አለ። «ፊታችንን አንለውጥ።»

በሩን ከፍቶ ወረደ፤ እኛም ተከተልነው። ሽማግሌዎቹ ጋ ሳይደርስ የሕንፃው በር ተከፈተና እማማ ደብሬ ወጡ። ይህንን ማንም አላሰበውም። ከሰገነታቸው ሆነው ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ አይተዋል፤ መርዶ መሆኑን የሚያውቅ ደግሞ ከሳቸው በላይ የለም። የጎረቤት ሐዘን መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው አብረው ሊያለቅሱ ወረዱ። ሮጬ በግራቸው ቆምኩ፤ ደጅቱም በቀኛቸው መጣች።

እማማ ደብሬ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተፈታ። መርዶ ይዞ ከሽማግሌ ጋር መሄዱን ያውቃሉ፤ ይኮሩበታል።

«መጣህ ልጄ?» አሉት። «ሰዎቹን ሳይ ነው የወረድኩ። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ። የማን ቤት ነው? እናቲቱ ማናት?»

አባ አንዳርጌ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። መናገር የሳቸው ድርሻ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እህታቸው እኮ ናቸው።

እማማ ደብሬ አንዴ ወንድማቸውን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። «ንገረኝ እንጂ ያየህ፤ እናቲቱ ማናት?»

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ» አለ።

በግራ ክንዳቸው ያረፈው ክብደት ዛሬም ክንዴ ላይ አለ። ያየህ እንዳለው ባንይዛቸው ኖሮ አስፋልቱ ላይ ነበር የሚወድቁት። እሱ ግን የሚይዘው ሰው አልነበረም፤ ለእናት እንጂ ለወንድም ማን እንደሚቆም ማዘዙን ረስቶታል። በጉልበቱ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የወጣው ጩኸት ሰው ሁሉ መስኮት እንዲከፍት አደረገ። «ማነው ብዬህ ነበር አይቸው፣ ማነው ብዬህ ነበር» እያለ መሬቱን ይመታል።

አቭነር ኪፓው ወደ ጎኑ ተንሸራቶ፣ እጆቹን ጎንና ጎኑ ጥሎ፣ እንባው እየወረደ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም። ሺሪ ወደ ያየህ ልትሄድ ስትል ዶሮን እጇን ያዛት። የሚጮኸውን አታባብሉ ብሎ አዟል፤ ማንም አላባበለውም።