ከአጣቢው በቀር

አክመል እንደገና ከድንኳኑ ወጣ። ራቢአ በመጋረጃው ጠርዝ በኩል አየችው፤ ጫማውን በወጉ ሳያጠልቅ፣ ተረከዙን እየረገጠ ወደ ጓሮ ነጎደ።

«ልጁን ምን አበላችሁት?» አለች ከአጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ማሪቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ቤቱን ተከራየው እኮ።»

ፍራሹ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ፈገግ አሉ፤ ለቅሶ ቤት የሚፈቅደውን ያህል። ራቢአም ከንፈሯን ለማንቀሳቀስ ሞክራ አቃታት። ባሏን የሱፍን ከቀበሩ ወዲህ ፊቷ የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዝ ብሏታል። ደክሟታል። ተኝታ የምትነሣበት ድካም አይደለም፤ አስታማሚ የነበረ ሰው፣ የሚያስታምመው ሲያጣ የሚወርድበት ድካም ነው።

ድንኳኑ የተተከለው ከመስኮቱ ሥር ስለሆነ የወንዶቹ ወሬ ሁሉ ይሰማል። ቅድም፣ አክመል ሳይወጣ በፊት፣ ከሱቃቸው ማዶ አጣና የሚሸጡት ኦቦ ጋሮማ የሟቹ ሕመም ምን እንደነበር ጠይቀውት ነበር።

«ጨጓራ ነው፣ ኦቦ» አላቸው፣ ለመጣው ሁሉ እንደሚለው።

«ጨጓራ ይገድላል እንዴ? ያ ረቢ፣ እኔማ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ አብሮኝ ነው የሚኖረው።»

አክመል ከወጣ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዎች ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ይንሾካሾኩ ጀመር። የሱፍ ከመስጊድ ከጠፋ መቆየቱን አነሡ። ድሮ ከመጀመሪያው ሶፍ፣ ከሰጋጆቹ የፊት ረድፍ የማይታጣ ሰው፣ ለጁምዓ እንኳ መታየት አቁሞ እንደነበር ተባባሉ። አንደኛው፣ ሱቁ ሰፍቶለት፣ ቆርቆሮውና ሚስማሩ በዝቶለት ነው አለ። ሌላው አላህ ይማረው አለ። ራቢአ ሁሉንም ሰማች። መስኮቱን ከፍታ የምትመልስላቸው ነገር ነበራት። ግን ቃል ገብታለች።

ውሃ ላምጣ ብላ ተነሣች። ጓሮ ስትደርስ አክመል ከሽንት ቤቱ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በሩ አልተዘጋም። ሲሚንቶው ላይ የደፋው ውሃ ቀላ ብሎ ወደ ቱቦው ይወርዳል።

«ምንድን ነው እሱ?»

አክመል በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘጋው። «ኪንታሮት ነው፣ እማ። ቆይቶብኛል። መቀመጥ ሲበዛ ይነሣብኛል።»

ራቢአ ጆጉን መሬት አስቀመጠች። ያን ቃል ታውቀዋለች። የሱፍም ደሙን መጀመሪያ ያየ ጊዜ ኪንታሮት ነው አለ። እሷም ኪንታሮት ነው አለች። የሰማ ዘመድ ሁሉ ኪንታሮት ነው አለ፤ ሁሉም መድኃኒት ነበረው። ተልባ ጠጣ። ጨው የገባበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀመጠ። ሱሉልታ ድረስ ሄዶ ከአንድ የባህል ሐኪም ቅባት አመጣ። ሱሪው እየሰፋ ሲመጣ፣ የረመዳን ጾም አከሳኝ አለ። ቃሉ ለሁሉም ነገር ይበቃ ነበር። የሰማው ሰው ትንሽ ያፍራል፣ ትንሽ ይስቃል፣ ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስዳው አንጀቱ በካሜራ ታየ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ስዕሉን አዙራ አሳየቻቸው። ከአንጀቱ ግድግዳ ላይ እንጉዳይ የመሰለ ሥጋ በቅሏል። ትንሽ ሳለ ብናገኘው ኖሮ፣ አለች፣ በዚሁ መሣሪያ ቆርጠን እናወጣው ነበር፤ አሁን ካንሰር ሆኗል። የታችኛውን አንጀት ቆርጠው አወጡና ከእምብርቱ በስተግራ ቀዳዳ አበጁለት። ከዚያ ወዲያ ሰገራው የሚወጣው ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ሆነ።

ሐኪሟ ሌላም ነገር ብላ ነበር። ይህ ነገር በቤተሰብ ስለሚወርድ፣ ልጅ ካላችሁ ሳያመው ይታይ አለቻቸው። የሱፍ ስለዚህ ያነሣው ታክሲ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። «አክመል በሬ ነው» አላት። «ምንም የለበትም።» ቤት ሲደርሱ ደግሞ እጇን ያዘና፣ «ሸሽጊኝ» አላት። «በሕይወቴም፣ ሞቼም። ልጄ እንኳ እንዳይሰማ።» ሰበታ ትዳር ይዞ ለሚኖረው አክመል፣ ቀዶ ጥገናው የጨጓራ ነው ተባለ።

«ሐኪም አይቶሃል?» አለችው አሁን።

«ለኪንታሮት ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? ሰበታ ቅባት የሚሰጥ ሰውዬ አለ።» ዞር ብሎ ሊሄድ ሲል ቆመ። «እማ፣ አባን ምን ብበድለው ነው?»

«ምን አልከኝ?»

«አንድ ልጁ እኔ ነኝ። ወንድሜ ሐምዱ ይጠበኝ፣ አክመል አይግባ ብሏል አሉኝ። የአባቴ ጀናዛ ሲታጠብ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ አየኝ።»

ራቢአ ጎንበስ ብላ ጆጉን አነሣች። አክመል ትንሽ ጠበቃትና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

የሱፍ ልጁን ጠልቶ አልነበረም። አፍሮት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ጁምዓ ተጣጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ መስጊድ ሄዶ ነበር። ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ ከረጢቱ ድምፅ አወጣ፤ አጠገቡ የሚሰግደው ጎረምሳ ሳቁን መያዝ አቃተው። የሱፍ ሶላቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ መጣ፤ ዳግመኛ አልሄደም። ከዚያ በኋላ ጓዳ ገብቶ በር ይዘጋና፣ በድምፅ ማጉያው የሚመጣውን የኢማሙን ድምፅ እየተከተለ ይሰግዳል። «ጀመዓ፣ የኅብረት ሶላት ተብሎ አይቆጠርልኝም» ይላት ነበር፤ «ግን ብቻዬን አይደለሁም።»

ማለዳ ማለዳ ከረጢቱን የምትቀይርለት እሷ ነበረች። ሙጫው የሚይዘው ሲሞቅ ስለሆነ፣ አዲሱን ከለጠፈች በኋላ መዳፏን አስደግፋ ትቆያለች። ያን ጊዜ አይተያዩም። እሱ ጣሪያውን፣ እሷ ግድግዳውን እያዩ ስለ ሲሚንቶ መወደድ፣ ስለ ቡራዩ ጭቃ ያወራሉ። ከተጋቡ ጀምሮ ያንን ያህል ተቀራርበው አያውቁም።

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ የየሱፍ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሐምዱ ወደ ጓዳው በር መጡ። ራቢአ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ የምትቆይበት ኢዳ ላይ ናትና ወደ ውስጥ አልዘለቁም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ግቢውን እያዩ ቆሙ።

«ድንኳን ውስጥ የሚባለውን ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እኔም ሰማሁ። አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አጣቢ ነኝ። ገላው ላይ ያየሁትን ለማንም አልናገርም። ላንቺም ቢሆን።»

«አይናገሩ፣ ጋሼ።»

«ልጁ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። እንደ አባቱ ወደ አንድ ጎኑ ያጋድላል።» የጓዳውን መቃን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «እኔ አጥቤዋለሁ። አንቺ ግን አላጠብሽውም።»

ነገሩ ቆይቶ ገባት፤ የአጣቢ አደራ ያለባቸው እሳቸው እንጂ እሷ አይደለችም። «እኔም ቃል አለብኝ» አለች።

«ይኖርብሻል። ነገ በጠዋት መኪናውን ይዤ እመጣለሁ። ለማን ነው አላልሽኝም፤ እኔም አልነገርኩሽም።»

ኮቴያቸው ሲርቅ ራቢአ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሸሽጊኝ ያለውን ሰው ድምፅ ሰማችው። ትክክለኛውን ነገር ታውቀው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም። የምታውቀው፣ ቃሏን ከጠበቀች ይህንኑ ድንኳን እንደገና እንደምታስተክል ነው። ማሪቱን ጠርታ አክመልን ላኪልኝ አለቻት።

ሲገባ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ የደበቀችውን ካርቶን ጎትታ አወጣች። ካልተነኩት ከረጢቶች አንዱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አክመል እያገላበጠ አየው።

«ምንድን ነው?»

«የአባትህ ነው።»

ሁሉንም ነገረችው። ቅባቱን፣ ካሜራውን፣ ያቺን ጁምዓ፣ በተዘጋ በር የሰገደውን ሶላት። አክመል አላቋረጣትም። ሐኪሟ ልጁ ይታይ ማለቷን ስትነግረው ግን ቀና አለ።

«የኔ እኮ ኪንታሮት ነው።» ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ።

«ይሆናል። ሐኪሟ ኪንታሮት ነው ካለችህ ተልባውን እኔ ራሴ እቆላልሃለሁ።»

«ምርመራው… በዚያ በኩል ነው?»

«በዚያ በኩል ነው።»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «ማን አብሮኝ ይሄዳል? አንቺ ኢዳ ላይ ነሽ።»

«ጋሽ ሐምዱ ነገ በጠዋት መኪና ይዘው ይመጣሉ።»

«ነገርሻቸው?»

«ምንም አልተነጋገርንም።»

አክመል ከረጢቱን አጣጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው። «እሄዳለሁ» አለ። ከውጭ ኦቦ ጋሮማ ለአንድ አዲስ መጪ ስለ ጨጓራቸው ሲያስረዱ ይሰማል።

«ለዚህ ነው እንዳላጥበው የከለከለኝ?»

ራቢአ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«የቱ ጋ ነበር?»

በቃል አልመለሰችለትም። ጠጋ ብላ መዳፏን ከሸሚዙ በላይ፣ ከእምብርቱ በስተግራ አሳረፈች። አክመል ቁልቁል እጇን አየ። ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ጀመረ። ራቢአ እንደ ልማዷ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ሸሚዙ ከመዳፏ ሥር እስኪሞቅ ድረስም እጇን አላነሣችም።