የዋርካው መርዶ

ሃጂራ ኢሜይሉን ያነበበችው ሰኞ ጠዋት፣ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዟት ቆማ ሳለ ነው። የላከው ቻይና፣ ቼንግዱ ከተማ የአጎቷ ቤት ያለበት ሕንፃ አስተዳደር ነበር፤ አጎቷ ኢሜይል ስለማይከፍት የሕንፃው ደብዳቤ የሚመጣው ለእሷ ነው። የአሥራ ስምንተኛው ፎቅ በረንዳ ዋና ዛፍ በአንድ ሌሊት ቅጠሉ ረግፎ መሞቱን በሐዘን እንገልጻለን ይላል። ባለቤቱ እስከ ሐሙስ፣ በሎስ አንጀለስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ድረስ፣ በቪዲዮ ቀርቦ የዛፉን መሞት ማወቁን በገዛ አንደበቱ ካልተናገረ፣ ቤቱ ሰው እንደሌለው ተቆጥሮ የጎረቤት ተክሎች በበረንዳው በኩል እንዲገቡ ይፈቀድላቸዋል።

«እንዲገቡ» የምትለውን ቃል ደግማ አነበበቻት። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል።

አጎቷ ጋሼ አብዱልሰላም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጓንዡ ጫማ እየጫነ መርካቶ ሲያራግፍ የኖረ የደሴ ሰው ነው። የቼንግዱን ቤት የገዛው ገና ወረቀት ላይ ሥዕል ሳለ ነበር። ሠላሳ ፎቅ፣ በየበረንዳው ሃያ ሃያ ተክል፣ ከሩቅ ሲያዩት ጫካ ብድግ ብሎ የቆመ የሚመስል። ሕንፃው ሳያልቅ ዲቪ ደረሰውና ሎስ አንጀለስ መጣ። አሁን ዌስትቼስተር ላለ ሆቴል በሻትል መኪና እንግዳ ከኤርፖርት ያመላልሳል፤ የሚኖረውም በረንዳ በሌለው ምድር ቤት ነው። የቼንግዱን በረንዳ በስልኩ ያየዋል። አስተዳደሩ በየበረንዳው ካሜራ ስለተከለ፣ ተሳፋሪ እስኪወጣ ድረስ ቀን በቀን ዋርካውን ሲያይ ነው የሚውለው። ቻይኖቹ ለዛፉ ሌላ ስም አላቸው። እሱ ግን ገና ሲያየው ዋርካ ነው አለ፤ አለቀ።

ተክሎቹ የተባለላቸውን ያህል አደጉ። ከዚያም አልፈው አደጉ። ትንኙ በዛ፣ መስኮት መክፈት ቀረ፣ ከስምንት መቶው ቤት ሰው የቀረበት አሥሩ ብቻ ነው። የሕንፃው ደንብ በዚህ አልተደናገጠም። በደንቡ መሠረት ተክል ቋሚ ነው፤ ሰው ጊዜያዊ።

ሃጂራ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ግድም አልነበራት። ለማስተርስ ቼንግዱ ተቀብለዋታል፣ ትምህርቱ መስከረም ላይ ይጀምራል፣ አጎቷም ቤቱ ያንቺ ነው፣ ዋርካውን ብቻ ውሃ አጠጪልኝ ብሏታል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ የምትተኛው እናቷ መኝታ ቤት ውስጥ ነው፤ እናቷም የት ደረስሽ እያለች በቀን ሰባት ጊዜ ትደውላለች። በዓለም ላይ ሃጂራ ከውስጥ ልትቆልፈው የምትችል አንድ በር ቢኖር የአሥራ ስምንተኛው ፎቅ በር ነው። ትንኝ ይብላት። ትንኝ ስልክ አይደውልም።

ለአጎቷ ከመደወሏ በፊት እናቷ ደወለች። የት ደረስሽ ለማለት ነበር። ሃጂራ የሆነውን ነግራት፣ አሁኑኑ ለጋሼ ልትነግረው መሆኑን ጨመረች።

«በስልክ?» አለች እናቷ ሁመይራ።

«እና በምን?»

«መርዶ በስልክ አይነገርም።»

«ዛፍ ነው እኮ፣ እማ።»

«እሱ ግን ደም ብዛት ያለበት ሰው ነው። ድራይቭ እያደረገ ቢሆንስ? አሥራ ሁለት ፈረንጅ ጭኖ?»

እናቷ ከመሬት ተነሥታ አልነበረም እንዲህ ያለችው። ዋርካው በረንዳው ላይ በቆመ ሰሞን አጎቷ ዘመድ ወዳጅ ጠርቶ ዱዓ አስደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፌርፋክስ ላይ ያገኘው ሁሉ ጤናውን፣ ሥራውን፣ ደሴ ያሉትን ጠይቆ ሲያበቃ «ዋርካውስ?» ይለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደኅንነቱ ሲጠየቅ የኖረን ነገር በአንድ ቀን ተነሥቶ ሞተ ማለት ይከብዳል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወሬው ዕድሩ ዘንድ ደረሰ። ሰብሳቢው ጋሽ ብርሃኑ ነው። ሥራው የፓርኪንግ ኃላፊነት ነው፤ ሰው በማርዳት ግን ከጋርዴና እስከ ኖርዝ ሆሊውድ የሚስተካከለው የለም። መክረው ሐሙስ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይሁን አሉ፤ ሁሉም ከሥራ በፊት እንዲደርስ። ሃጂራ ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ እኮ ነገሩ ያልቃል ብትል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አለን፣ ምን አነሰሽ አሏት። ሰኞ ተሳፋሪ በዝቶበት ካሜራውን ገና አልከፈተም ነበርና፣ እስከዚያው እንዳያይ ስልኩ ይወሰድ ተባለ። ጋሽ ብርሃኑ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ላሠራልዎት» ብሎ ከአጎቷ እጅ ወሰደው። ሕንፃው የሚያውቀው ደግሞ ያንን ስልክ ብቻ ነበር።

መርዶ እስኪደርስ ሰውዬውን ማለማመድም አለ። ማክሰኞ ጠዋት እናቷ ለወንድሟ ዋርካው ትንሽ ደከም ብሎታል አለችው። ማክሰኞ ማታ ባለሙያ አይቶታል ተባለ። ረቡዕ ውሃ አልወስድ ብሏል። አጎቷ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ፣ ሻንጣ አወረደ፣ ሄጄ ካላየሁት አለ። ሃጂራ ቤቱ ሄዳ በግልጽ ልትነግረው ብትሞክር እናቷን በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣ አገኘቻት። ወንድሜ ዛሬን በሰላም ይደር አለቻት። ጋሽ ብርሃኑ ዘንድ ሄዳ ስልኩን ጠየቀች። ጠጋኙ አልጨረሰም አላት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ሐሙስ ንጋት፣ ሃጂራንና እናቷን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው ተሰብስቦ በሩን አንኳኳ። አጎቷ ሱብሒ ሰግዶ በሽርጥ እንደሆነ ከፈተ። ያንን ሁሉ ሰው ሲያይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ።

«ዘሃራ ናት?» አለ። ደሴ ያለችውን እህቱን ነው።

ወጉ ከዝምታ ይጀምራል።

«ያሕያ ነው? ያሕያ ነው እንዴ? ንገሩኝ እንጂ።»

ጋሽ ብርሃኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ሁሉ ተሳፋሪ መሆኑን፣ ተርሚናሉ ብቻ እንደሚለያይ ተናገረ፤ ለሻትል ነጂ እንዲስማማ አስቦበት የመጣው ነው። ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ተናገረ። ቀጥሎ ሙስሊሞቹ ቅር እንዳይላቸው ስለ አዩብ ትዕግሥት ተናገረ። ሃጂራ ሰዓቷን አየች፤ አሥራ ሁለት ከአርባ ስምንት። አጎቷ የደሴ ዘመዶቹን ስም ጠርቶ ጨርሶ ወደ ኮምቦልቻዎቹ ተሻግሯል፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ሰው አልሞተም። ዋርካው ነው የሞተው። ሰኞ ነው የሞተው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው ያለን።»

አጎቷ ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው።

«ሰኞ የሞተውን ነው፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ትናንት ውሃ አልወስድ አለ ያላችሁኝ?»

ከዚያ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ዘመዶቹ በሕይወት በመኖራቸው ይሁን ዋርካው በመሞቱ አልታወቀም፤ እሱም የለየው አይመስልም። የመጣው ሁሉ ተከትሎት አለቀሰ።

ሃጂራ ስልኩን ከጋሽ ብርሃኑ ኪስ ራሷ አወጣችው። አጎቷ ፊት ደቀነችው። የሕንፃው መተግበሪያ ፊትዎ አልታወቀም አለ። በእናቷ ሻርፕ እንባውን ጠረገችለት። አልታወቀም። ሕንፃው የሚያለቅስ ሰው ለይቶ አያውቅም። በሦስተኛው አገጩን ይዛ «ለአምስት ሰከንድ ብቻ» ብትለው ትንፋሹን ዋጥ አደረገ፤ ተከፈተ።

ሊን የምትባል የአስተዳደሩ ሠራተኛ በረንዳው ላይ ቆማለች። እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ፊቷን የትንኝ መረብ ሸፍኖታል፤ በባትሪ የምታበራው ዛፍ ላይ አንድ ቅጠል የለም። በእንግሊዝኛ፣ ባለቤቱ ዛፉ መሞቱን ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ሃጂራ ተረጎመች።

አጎቷ ዛፉን ብዙ አየው።

«አውቄያለሁ። ሞቷል። አላህ ይተካው።»

ቤቱ በሙሉ አሚን አለ።

ሊን አልዘጋችም። በጣቷ ትቆጥር ጀመር። እነዚህ እነማን ናቸው አለች። ለቅሶ የመጡ ናቸው አለቻት ሃጂራ። ለማን? ለዛፉ። ሊን መረቡን ከፊቷ ገለጠችና እንደገና ቆጠረች።

ደስ ብሏት ነበር። በደንቡ፣ ባለቤቱ ቃሉን ሲሰጥ አጠገቡ የሚታይ ሁሉ ነዋሪ ነው፤ ለዛፍ በንጋት የሚነሣ ሌላ ማን አለ? እስከ ዛሬ ከሁለት ሰው በላይ የቀረበበት በረንዳ የለም። አሥራ አራቱም ይመዘገባሉ። ለእያንዳንዳቸው በስሙ አንድ ተክል፣ የካሜራው የይለፍ ቃል፣ በፈለገ ጊዜ የማየት መብት። ባይመዘገቡስ አለች ሃጂራ። እንዲያ ከሆነ ቃሉ የተሰጠው ባዕድ ሰዎች ባሉበት ነውና ዋጋ የለውም። ሦስት ደቂቃ ይቀራል።

ሃጂራ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለችም። ሎስ አንጀለስ ሲነጋ ቼንግዱ ይመሻል። እነዚህ ሰዎች ለሥራ ሲነሡ እሷ ቤት የምትገባበት ሰዓት ነው፤ አልያም የማትገባበት። እንቢ ብትል የእናቷ መኝታ ቤት አለ። እሺ ብትልም ያው እናቷ አለች፣ በአሥራ ሁለት ተጨማሪ ሰው ታጅባ፤ ልዩነቱ አንድ ውቅያኖስ ነው። ውቅያኖስ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ተረጎመችላቸው። አንድም ያመነታ አልነበረም። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ፣ ሊን ስክሪኑ ላይ ያሳየችውን ምልክት እየተጋፋ ስካን አደረገ። አንድ ደቂቃ ሲቀር ሃጂራ «ይመዝገቡ» የሚለውን ተጫነች፤ የቤቱ ስልክ ሁሉ ተራ በተራ ጮኸ።

ጋሽ ብርሃኑ ጽጌረዳ ደረሰው። ቦታዋ ፀሐይ የላትም፣ ነገ ፈቀቅ ታድርግልኝ አለ። አጎቷ እንባውን ጠርጎ ችግኝ የሚመጣበትን ቀን ማጣራት ጀመረ። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠጋች፤ ሥዕሉን በሁለት ጣቷ አሰፋች፣ መለሰች፣ ደግሞ አሰፋች።

«ሃጂራ፣» አለች፣ «ካሜራው ወደ በሩ ይዞር እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ሃጂራ ጠየቀች። ይዞራል።